በበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ የደበቅኩት ጎማ

በሕይወቴ የሰው ዕቃ የደበቅኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የደበቅኩትም ወርቅ ወይም ልብስ አይደለም፤ ከመዳፍ የማይበልጥ የጀልባ ሞተር ጎማ ነው። ጊዜው ያለፈው ዓመት ጥር ነበር፤ እዚህ ጅቡቲ ሙቀቱ ትንሽ ፋታ የሚሰጥበት ወር። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን በመደበቄ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ነው።

ሰአዳ እባላለሁ። አገሬ ወሎ፣ ሐርቡ አካባቢ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ወደዚህ መጣሁ። ባልባላ በሚባል የከተማው ዳር ሰፈር አንድ ቤት እያደርኩ እሠራለሁ። ከልጅነቴ ዓይነ አፋር ነኝ። መምህር ስሜን ሲጠራ እንኳ አቤት ለማለት ድምፄ አይወጣልኝም ነበር።

የቤቱ ባለቤት ሁመድ የሚባል አፋር ነው። ሚስቱን ማዳም እላታለሁ። ሁለቱም ሥራ ይውላሉ፤ ሁለት ሴት ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይውላሉ። እርስ በርሳቸው በአፋርኛና በፈረንሳይኛ ነው የሚነጋገሩት። ክፉዎች አይደሉም። ተቆጥተውኝ አያውቁም። ግን ከእኔ ጋር የሚያነጋግራቸው ሥራ ብቻ ነው፤ ለሥራ ደግሞ እነሱ የሚያውቋት ጥቂት አማርኛ ትበቃለች። ውሃ። ሩዝ። በር። ልብስ። አንዳንድ ቀን ልተኛ ስል ቀኑን ሙሉ የተናገርኩትን ሳስበው አሥር ቃል አይሞላም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዕረፍቴ ነው። ያገሬ ልጆች ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር አንዷ ጋ ይሰበሰባሉ። አንድ ሁለቴ ሄጄ ነበር። እነሱ ሲስቁ እኔ የቱ ላይ እንደሚሳቅ ሳላውቅ ጨዋታው ያልፈኛል። ከዚያ መሄዱን ተውኩት። ዓርብ ዓርብ ጣራ ላይ ወጥቼ ቁልቁል ከተማውንና ባሕሩን እያየሁ እመለሳለሁ።

የሁመድ አባት ከባሕሩ ማዶ ካለችው ከታጁራ የመጡት በመስከረም ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ለሕክምና ነበር የመጡት። እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ሰው ለሕክምና ሲመጣ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው በሸራ የተጠቀለለ የጀልባ ሞተር አስጭነው መጡ። ከጀልባው ኋላ ላይ የሚታሰረው ዓይነት ነው። ሁለት ሰው ተሸክሞ አወረደው። ግቢው ውስጥ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አስቀመጡትና እሳቸውም አጠገቡ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ።

ሦስት ወር ሙሉ ምግባቸውን አቀርባለሁ፣ ሳህኑን አነሳለሁ። ምንም ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ከኋላዬ፣

“አንተ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በአማርኛ ነው። ደንግጬ መቆንጠጫው ከእጄ ወደቀ።

“ስምህ ማን ነው?”

“ሰአዳ” አልኩ፣ ዞር ሳልል።

“ወይ ጉድ! ሦስት ወር ስም የሌለው ሰው የሠራውን ሩዝ በላሁ!”

በኋላ እንደነገሩኝ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት አሰብ ላይ ነው፤ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ዓሣ እያጠመዱ፣ ዕቃም እያመላለሱ። አማርኛውን የተማሩት ወደብ ላይ ከጫኝና አውራጆች ነው። እዚያ የነበረው ወንድ ብቻ ስለሆነ ለእሳቸው ሰው ሁሉ “አንተ” ነው። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ “አንተ” ሆኜ ቀረሁ። እኔ ደግሞ አባባ አሊ እላቸው ጀመር።

“እጅህ ይንቀጠቀጣል?” አሉኝ ያን ቀን።

“አይ።”

“ዓይንህ ያያል?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ና። እኔ አውቃለሁ፣ አንተ ታያለህ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ጤነኛ ሰው ይወጣናል።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ የወንድማቸው ነበር። ወንድማቸው ከሞቱ በኋላ ተነስቶ አያውቅም። ጀልባው ታጁራ ዳርቻ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። አባባ አሊ ወደ አገራቸው መመለስ ይፈልጋሉ፤ ሁመድ ግን “እዚያ ብቻህን ምን ትሠራለህ?” ይላቸዋል። ግቢው ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ ስላሰበ ሞተሩም ቦታ መልቀቅ ነበረበት። በመጨረሻ እንዲህ ተባባሉ፦ ጥር ሳያልቅ ሞተሩ ከተነሳ ሁመድ አባቱንም ሞተሩንም ታጁራ ያደርሳል፤ የእህታቸው ልጅ ያጠምድበታል፤ እሳቸውም ከእሱ ጋር ይኖራሉ። ካልተነሳ ሞተሩን ቆራሌ ይወስደዋል፤ እሳቸውም ዳግመኛ ታጁራ አይሉም። ሁመድ ይህን ያለው እንደማይነሳ እርግጠኛ ሆኖ ነው። ዝገቱን ያየ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚያስበው።

ሥራችን ከምሳ በኋላ ነበር። ቤቱ ባዶ ነው፣ ሳህን ታጥቧል፣ በማጠቢያው ውሃ ወለሉ ተወልውሏል። እሳቸው ወንበር ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። “ካቻቢቴ። አሁን ፒንሳ። ያ ብሎን አልፈታ ካለ አትታገለው፣ ዘይት አጠጣውና ነገ ና።” የፈታሁትን ሁሉ አሮጌ አንሶላ ላይ በተራ እደረድራለሁ። እኛ አገር ዶሮ የምትበልት ሴት አሥራ ሁለቱም ብልት ከየት እንደወጣ ታውቃለች። እኔም ሞተሩን እንደዚያ ነው የያዝኩት። አንድም ብሎን አልጠፋብኝም።

“አንተ እኮ ሜካኒክ ነህ” ይሉኛል፤ እኔ በሻሼ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ካንዴላውን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ። ካርቡራተሩን በቤንዚን አጥቤ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ከፈትኩ። ስልኬ ላይ እንደዚህ ያለ አሮጌ ሞተር የሚጠግን ሰው ቪዲዮ አገኘሁ። ቋንቋውን አልሰማም፣ ፊቱም አይታይም፣ እጁን ግን እከተላለሁ። ያየሁትን ለአባባ አሊ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው “ልክ ነው” ወይም “ይሄ ሰውዬ ባሕር አይቶ አያውቅም” ይላሉ። ያኔ በቀን ስንት ቃል እንደምናገር መቁጠሩን ረስቼ ነበር።

ምሳቸው ላይም አዲስ ነገር መጣ። እናቴ የላከችልኝ በርበሬ በቆርቆሮ ወጥ ቤት ይቀመጣል። ከቤቱ ሰው ማንም አይነካውም። አንድ ቀን ሽታው ደርሷቸው፣ “የአሰብ ሽታ!” አሉ። ከዚያ በኋላ ዓሣቸው ላይ ትንሽ እነሰንስላቸዋለሁ። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ይበሉና “ጨምር” ይላሉ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የሞተሩን የታችኛውን ክፍል ፈታን። እዚያ ውስጥ የውሃ ፓምፕ አለ። ፓምፑ ባሕሩን ስቦ ወደ ላይ እየላከ ሞተሩን ያበርደዋል። ይህን የሚሠራው ጣት ጣት ያለው ትንሽ ጎማ ነው። የኛ ጎማ ስድስት ጣት ነበረው፤ ሦስቱ ተሰብረዋል፣ የቀሩትም እንደ ደረቅ ቆዳ ተኮማትረዋል። ያለ እሱ ሞተሩ ቢነሳም ተቃጥሎ ይቀራል።

“እንግዲህ ይሄን መፈለግ ነው” አሉ።

የት ይፈለጋል? ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ብረት ጨው በልቷታል። ከጽሑፉ አራት ቁጥር ብቻ ይነበባል። እነሱን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። የተሰበረው ጎማ ልክ አይሰጥም፤ ስለዚህ ጎማው የሚገባበትን ቤት ስፋት፣ ጥልቀቱንና መሐል የሚያልፈውን ብረት ውፍረት በሦስት የመጥረጊያ ስንጥር ለካሁ። እኛ ዘንድ ለልጁ ጫማ የሚገዛ አባት የልጁን እግር በስንጥር ለክቶ ነው ገበያ የሚወርደው። ሌላ መለኪያ አላውቅም።

ዓርብ በሚኒባስ ካርቲየ 2 ወረድኩ። አባባ አሊ የነገሩኝ ሱቅ የአንድ የመናዊ ሽማግሌ ነው፤ ሰው አሞ ሳሌም ይላቸዋል። አማርኛ ከእኛ አገር ሾፌሮች ለቅመዋል። በሩ ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ። ሁለቴ አልፌ ተመለስኩ። በሦስተኛው እሳቸው ጠሩኝ።

“ነይ ልጄ፣ መንገዱን ጨረስሽው። ምን ፈለግሽ?”

እጄን ዘረጋሁ። የተሰበረ ጎማና ሦስት ስንጥር።

“መጥረጊያ አመጣሽልኝ?” ብለው ሳቁ። ዞሬ ልወጣ ስል ስንጥሮቹን ተቀበሉኝና አንድ በአንድ ማስመሪያ ላይ አስተኟቸው። ሳቃቸውን አቆሙ። “ይሄ ልክ ነው” አሉ። “ብዙ ወንድ ‘ትልቅ ነው፣ ትንሽ ነው’ እያለ ነው የሚመጣብኝ።”

ግን ልክ ብቻውን አይበቃም፤ የሞተሩ ዓይነት መታወቅ አለበት አሉ። ከመደርደሪያ ሥር አንድ ትልቅ አሮጌ መጽሐፍ አወጡ። የሞተር ሥዕሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሞተር ተበታትኖ፣ ብሎኑ ሳይቀር ቁጥር ተሰጥቶት። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው። “የእኔ ዓይን ደክሟል። ሞተርሽን አንቺ ፈልጊው” ብለው ሣጥን ገልብጠው አስቀመጡኝ።

ሦስት ዓርብ እዚያ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ማንበብ አልችልም፤ ግን ያንን ሞተር በእጄ ፈታትቼዋለሁ፣ ደርድሬዋለሁ። እያንዳንዱን ሥዕል ከአንሶላዬ ጋር አስተያያለሁ። የዚህ እጀታ ቀጥ ያለ ነው፣ የኛ ግን ጎበጥ ይላል። የዚህ ካርቡራተር በግራ ነው። አሞ ሳሌም ሲመሽ “ዛሬም የለም?” ይሉኛል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።

በሦስተኛው ዓርብ አገኘሁት። የጎበጠው እጀታ፣ ክዳኑ ላይ ያለችው ጎድጓዳ፣ ከታች ስድስት ጣት ያለው ጎማ። አራቱ ቁጥሮችም ከጎኑ ተጽፈዋል። “ይኸው!” ብዬ ጮህኩ። እኔ ጮህኩ! ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ።

አሞ ሳሌም መጽሐፉን ዓይናቸው ላይ አስጠግተው አነበቡ። “ይሄ ሞተር ከአባትሽ ጋር እኩያ ነው። ስምንት ፈረስ ጉልበት።”

ማታ ለአባባ አሊ ስነግራቸው ተቆጡ። “ስምንት? አሥር ነው! ወንድሜ አሥር ነው ብሎኛል።”

“መጽሐፉ ላይ ስምንት ነው የሚለው።”

“መጽሐፉን ተወው። ባሕር ላይ አሥር ነበር።”

በቀጣዩ ዓርብ አሞ ሳሌም ሲፈልጉት የሰነበቱትን ጎማ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከዛገ ጣሳ ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። የፋብሪካ መጠቅለያው ገና አልተፈታም ነበር፤ ፈታሁት። ስድስቱም ጣት ሙሉ ነው። ስንጥሬን አስጠጋሁት፤ ልክ ነው።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ደረስኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎማውን መዳፌ ውስጥ ይዤ ሳስብ ነበር። ዛሬ እሰጣቸዋለሁ። ነገ እንገጥመዋለን። ምናልባት ከነገ ወዲያ ይነሳል። ከዚያ ይሄዳሉ። ግቢው ባዶ ይሆናል። እኔም እንደገና ውሃ፣ ሩዝ፣ በር። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልሆነልኝም።

አባባ አሊ በር ድረስ ወጥተው ጠበቁኝ።

“አገኘህ?”

“የለም አሉ” አልኩ። “ሌላ ጊዜ ተመለሺ አሉኝ።”

ለምን እንዳልኩት ሳላውቀው ከአፌ ወጣ። ወጥ ቤት ገብቼ ጎማውን ማንም የማይነካው በርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ ቀበርኩት።

ስምንት ቀን እንደዚያ ኖርን። በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። በየቀኑ ደግሞ ከምሳ በኋላ ሲጠሩኝ ዝም ብዬ እሄዳለሁ። የሚሠራ ነገር አልነበረም። የጸዳውን ብሎን እንደገና አጸዳሁ። እሳቸው ያወሩልኛል። አንድ ጊዜ ከአሰብ ወጥተው ባሕር መሐል ይኸው ጎማ ተበጥሶባቸው፣ ወንድማቸው የራሳቸውን ነጠላ ጫማ በቢላ ቆርጠው ሌላ ሠርተው ነው የተመለሱት። “አንድ እግሩ ባዶውን ወደብ ገባ። ሰው ሁሉ ሳቀበት። የእሱ ዓሣ ግን ሳይሸት ደረሰ።”

አንድ ነገር ግን ገርሞኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ “ዓርብ መቼ ይደርሳል?” እያሉ ሲያስቸኩሉኝ የነበሩት ሰውዬ፣ በዚያ ሳምንት መሐል ላይ ስለ ጎማው መጠየቅ አቆሙ። ተስፋ ቆረጡ ብዬ አሰብኩ። ያ ደግሞ የባሰ አሳመመኝ። አንድ ሽማግሌ ከአገሩ እንዲቀር ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ለራሴ ጨዋታ ብዬ።

ሐሙስ ማታ እራት ላይ ሁመድ አባቱን አንድ ነገር አላቸው። እሳቸው ጉርሻቸውን አቆሙ። ሳህን ላነሳ ስገባ በአማርኛ፣ “ጥር እያለቀ ነው። ቆራሌው ቅዳሜ ጧት ይመጣል” አሉኝ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁና ቆርቆሮውን ከፈትኩ። እጄን በርበሬው ውስጥ ስከት ያገኘሁት እኔ ያስቀመጥኩትን አልነበረም። እኔ ጎማውን ራቁቱን ነው የቀበርኩት። አሁን በፕላስቲክ ተጠቅልሏል፣ በክር ታስሯል። ፈታሁት። ጎማው ታጥቧል፤ ጣቶቹ ሁሉ በቫዝሊን ተለውሰው ያብረቀርቃሉ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

አባባ አሊ ሰግደው ግቢ ተቀምጠው ነበር። ሄጄ ጎማውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

“ቫዝሊን ነው” አሉ። “ጎማ ደረቁን ሲቀመጥ ይሰነጠቃል። አንተ ይሄን አላወቅህም።”

“መቼ አገኙት?”

“ማክሰኞ። አንተ ገበያ ሄድክ፤ እኔ ዓሣ ላይ በርበሬ አማረኝ።”

“ለምን አልነገሩኝም?” አልኩ። ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

ጎማውን ጣቶቻቸው መሐል አዞሩት።

“አንተስ ለምን አልተናገርክም?”

በሻሼ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ።

“እኔም አልቸኮልኩም” አሉ። “አሁን ግን ቆራሌው መጣብን። ተነስ፣ ካቻቢቴ አምጣ።”

ረፋዱ ላይ ገጥመን ጨረስን። ሞተር ውሃ ሳይኖር አይነሳም፤ ስለዚህ በወፍራም ጣውላ ጫፍ ላይ አስረን ታችኛውን ክፍል በርሜል ውስጥ ከተትነው። በርሜሉ መሙላት አለበት። የዚያን ቀን ግን የቧንቧ ውሃ አልመጣም፤ የታንከሩም ውሃ ወደ ታች ወርዷል። በዚህ ቤት ውሃ እንደመድፋት ያለ ጥፋት የለም። እኔ ደግሞ ልብስ ያለቀለቅኩበትን ውሃ አልደፋም፤ ለወለልና ለሽንት ቤት በባልዲና በሳፋ አከማቸዋለሁ። የሦስት ቀን ውሃ ነበረኝ። ሁሉንም ገለበጥኩት።

“ንጹሕ ነው?” አሉ አባባ አሊ።

“ልብስ ያለቀለቀ ነው።”

“ባሕሩ ከዚያ ይቆሽሻል። ሳብ።”

የማስነሻውን ገመድ የምስበው እኔ ነኝ። ሃያ ጊዜ ሳብኩ። ምንም። ካንዴላውን አውጥቼ አደረቅሁ፣ መለስኩ፣ እንደገና ሳብኩ። መዳፌ ተላጠ። ሁመድ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነበር። አባባ አሊ እጃቸውን ሞተሩ ላይ ጭነው በአፋርኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ፤ የወንድማቸውን ስም ሰማሁ።

“አንድ ጊዜ ደግሞ” አሉኝ።

ሳብኩ። አስነጠሰ። ደግሜ ሳብኩ። ሰማያዊ ጭስ ተፋና ተነሳ!

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ግቢው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ከኋላው ቀዳዳ ውሃ እንደ ቀጭን ገመድ ተወርውሮ ወጣ። ጎማው ይሠራል ማለት ነው። አባባ አሊ እጃቸውን ውሃው ሥር አድርገው እንደ ሕፃን ይስቃሉ።

ከዚያ የበርሜሉ ውሃ ወደ ላይ መነሳት ጀመረ። ውልብልቢቱ የሳሙናውን ውሃ ሲመታው አረፋ ሆነ፤ አረፋው በርሜሉን ሞልቶ ፈሰሰ፣ ግቢውን ሸፈነ፣ ጉልበቴ ደረሰ፣ በበሩ ሥር ወጥቶ ወደ መንገዱ ሄደ። ንፋሱ ቁራጭ ቁራጩን እያነሳ ጎረቤት ልብስ ላይ ይለጥፈዋል። ሰፈሩ ተጠራርቶ መጣ። ሴቶች በር ላይ፣ በአጥር ላይ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን መልቀቅ አልቻልኩም። እጀታውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የአባባ አሊ እጅ አይችለውም፤ ከለቀቅሁት ሞተሩ ከጣውላው ዘሎ ይወርዳል። ስለዚህ እኔ፣ ሰው ሲያየኝ የማልወድ ሰው፣ አረፋ ውስጥ ቆሜ ሰፈሩ ሁሉ አየኝ።

አንዲት ጎረቤት በሶማልኛ ጮኻ አንድ ነገር ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባ አሊ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣ “‘ባሕሩ ባልባላ ድረስ ወጣ’ ነው የሚለው” አሉኝ።

ማዳም ሮጣ ወጣች። መጀመሪያ ያየችው ሞተሩን አልነበረም። “ይሄን ሁሉ ውሃ ከየት አመጣሽ?” አለች፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ።

“የልብስ ነው ማዳም! የልብስ ነው!” ብዬ በሞተሩ ላይ ጮህኩ።

ገባትና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የቱ ላይ እንደሚሳቅ ያን ቀን ማንም አልነገረኝም።

ሁመድ አልሳቀም። ወደ አባቱ ሄዶ አጎንብሶ እጃቸውን ሳመ።

ቃሉን ጠበቀ። ቅዳሜ ጧት ቆራሌው ሲመጣ ሞተሩ መኪና ላይ ተጭኖ ነበር። አባባ አሊ ንጹሕ ሽርጣቸውን አገልድመው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ።

“አንተ ሰአዳ” አሉኝ በመስኮት። “በርበሬህን ማንም እንዳይነካው። አንተም ቶሎ አትጨርሰው።”

መኪናው ሄደ። ግቢው ውስጥ የበርሜሉ ክብ ምልክትና አንሶላዬ ቀሩ። የቀረውን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩ አላስታውስም። ወለል ጠረግሁ፣ ሩዝ ሠራሁ። ማንም ከኋላዬ “አንተ” አላለኝም።

ማታ በርበሬ ላወጣ ቆርቆሮውን ስከፍት እጄ ፕላስቲክ ነካ። በክር ታስሯል። ስፈታው አሮጌው ጎማ ነው፤ ሦስት ጣቱ የተሰበረው። በቫዝሊን ተለውሷል። መቼ እንደከተቱት አላውቅም።

አሁን ዓመት ሆኖታል። ግቢው ላይ ክፍሎች ተሠርተው ሰው ተከራይቷቸዋል። ሞተሩ እስካሁን እንደሚሠራ ከሁመድ ሰምቻለሁ። ከማዳም ጋር ከበፊቱ ትንሽ ይሻላል፤ አንዳንዴ ልብስ ሳጥብ “ባሕር” ብላ ታሾፍብኛለች። ከዚያ በቀር ቀኔ እንደ ድሮው ነው። ብቸኝነቱ አልሄደም፤ ሄደ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ስለ ዋሸሁት እስካሁን አፍራለሁ። ከሽማግሌው ስምንት ቀን ሰረቅሁ ብዬ አስብ ነበር። ከማክሰኞ በኋላ ያሉት ግን የተሰረቁ አልነበሩም። እሳቸው የሰጡኝ ናቸው።

አሮጌው ጎማ ከእኔ ጋር ነው። ለምንም ነገር አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን በወር አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጣራ ላይ ይዤው እወጣና ባሕሩን እያየሁ ቫዝሊን እቀባዋለሁ። ጎማ ደረቁን ሲቀመጥ ይሰነጠቃል።